ስፖርት ማኔጅመንት በጣውላ ሜዳ

ሕዝቅያስ በትምህርት ቤት ዘመኑ ኳስ ሜዳ የሚሄደው ልብስ ለመጠበቅ ነበር። አማን ከተማ ውስጥ ጣውላ ሜዳ በሚባለው ቦታ ልጆቹ ሸሚዛቸውንና ጫማቸውን አውልቀው ይከምሩና እሱን ክምሩ አጠገብ ያስቀምጡታል። አንድም ቀን ጫማ ጠፍቶበት አያውቅም። አንድም ቀን ደግሞ «ና ግባ» ተብሎ አያውቅም፤ ሰው የጎደለው ቡድን እሱን ከማስገባት ጎድሎ መጫወትን ይመርጥ ነበር። ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስፖርት ማኔጅመንት ሲደርሰው፣ ይህን የሚያስታውሱ የሰፈር ሰዎች መንግሥት የሰው ተሰጥኦ የሚያውቅበት የራሱ መንገድ አለው ብለው ሳቁ።

ደረሰው እንጂ አልመረጠውም። የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ተማሪዎች የሚፈልጉትን የትምህርት ክፍል በቅደም ተከተል ይሞላሉ። ሕዝቅያስ ጤናን አንደኛ፣ ሕግን ሁለተኛ፣ አካውንቲንግን ሦስተኛ አደረገና የቀሩትን መስመሮች ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ሞላቸው። ስፖርት ማኔጅመንት የወረቀቱ መጨረሻ ላይ ነበር። ምደባው ሲለጠፍ ስሙን ከጤና ጀምሮ እየፈለገ ወደ ታች ወረደ። ሲያገኘው አጎንብሶ ነበር።

ለእናቱ በስልክ ነገራቸው። ወይዘሮ ማርያም ባላቸው ከሞተ ወዲህ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች የቡና ማሳ ሁለት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው።

«ሁለተኛው ቃል ምንድን ነው ያልከኝ?» ብለው ጠየቁ።

«ማኔጅመንት።»

«እሱ ይሻላል» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ማርያም በቤተ ክርስቲያንም በገበያም ልጃቸው ማኔጅመንት እንደሚማር ተናገሩ። ታናሽ እህቱ ማራናታ ግን ሙሉውን ስም ለጓደኞቿ አውርታ ስለነበር፣ ከተማው ደስ ያለውን ግማሽ ወሰደ። በዚህ ምክንያት ሕዝቅያስ ለእረፍት ሲመጣ እቤት ውስጥ ማናጀር፣ ከአጥር ውጭ ኮች ሆነ።

«ኮች፣ ሆድህ ምነው እንዲህ ተነፋ?» ይሉታል ባጃጅ ተራ ላይ።

«አራት ዓመት ኳስ ብቻ?» ይላሉ ሽማግሌዎቹ። «እኛ በነፃ ነበር የምንጫወተው።»

«ስትጨርስ ኳሱን ይሰጡሃል ወይስ መልሰህ ትወጣለህ?» ትለዋለች ማራናታ።

እሱ ለሁሉም አንድ መልስ አለው። ስፖርት ማኔጅመንት ማለት ስፖርት መሥራት ሳይሆን ስፖርት እንዲሠራ ማድረግ ነው። ይህን ለፈተና ያጠናው እንደ ወረደ ነበር፤ ያጠናበት ድምፅም አልለቀቀውም።

ትምህርቱን ግን ተምሯል። ስልሳ ሺህ ሰው የሞላበት ስታዲየም እሳት ቢነሣበት ተመልካቹ በየትኛው በር ቀድሞ መውጣት እንዳለበት ያውቃል። የስታዲየም ስም ለኩባንያ እንዴት እንደሚሸጥ፣ የቴሌቪዥን መብት ጨረታ እንዴት እንደሚወጣ፣ የተጫዋች ወኪል ከዝውውር ገንዘብ ምን ያህሉን እንደሚወስድ ያውቃል። ይህን ሁሉ የተማረበት ክፍል መስኮት የሚያሳየው የዩኒቨርሲቲውን ሜዳ ነበር፤ ሣሩ ወገብ ደርሷል፣ ከሁለቱ ጎሎች አንዱ ለግንባታ ተብሎ ተነቅሎ ተወስዷል። መምህራኑም ተማሪዎቹም በዚያ መስኮት መመልከት ከተዉ ቆይተዋል።

በአራተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክት መጣ። ተማሪው በሚኖርበት አካባቢ አንድ የስፖርት ውድድር አቅዶ፣ አደራጅቶ፣ መርቶ ማሳየት አለበት። ድሮ ሪፖርትና ፎቶግራፍ ማስገባት ይበቃ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ከሦስት የተለያዩ ከተሞች በመጡ ሦስት ሪፖርቶች ላይ ያው አንድ ውሻ ሜዳውን ሲያቋርጥ ስለታየ፣ አማካሪ መምህር በአካል ሄዶ እንዲያይ ተወሰነ። አማካሪው ያልተቀበለው ፕሮጀክት የሠራ ተማሪ አይመረቅም፤ ዓመቱን ይደግማል።

ሕዝቅያስ ዓመት ሊደግም የሚችልበት ሁኔታ አልነበረም። ወይዘሮ ማርያም ለምርቃቱ ድግስ ከወዲሁ ሰው መጥራት ጀምረዋል። ሰንጋውንም ከሰው ግቢ መርጠው፣ «ይሄ የልጄ ነው፤ ለሌላ እንዳትሸጥብኝ» ብለው ባለቤቱን ቃል አስገብተዋል። ሰንጋው የሚገዛው በዚያ ዓመት ቡና ነው። ቡናው ደግሞ ጣውላ ሜዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር።

ጣውላ ሜዳ ስሙን ያገኘው ድሮ የጣውላ መሰንጠቂያ ስለነበረበት ነው። መሰንጠቂያው ከተዘጋ ቆይቷል፤ የቀረው ዳር ላይ ያለው ረጅም የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ነው። ሰፈሩ ቁልቁለትና ዛፍ ስለሆነ ሙሉ ቀን ፀሐይ የሚያርፍበት ደልዳላ ቦታ ሌላ የለም። ስለዚህ ቡና በሚለቀምባቸው ወራት ቦታው ኳስ ሜዳም ነው፣ የቡና ማድረቂያም ነው። ከጎሎቹ ጀርባና ከመስመሩ ዳር ሸራ ይነጠፋል፤ ሸራው ላይ ቀዩ ፍሬ ከነልጣጩ እየጠቆረ ይደርቃል። እያንዳንዱ ቤት የታወቀ ቦታ አለው። ለክቶ የሰጠው የለም፣ የሚጋፋውም የለም።

በዚህ የተነሣ የሰፈሩ ኳስ የራሱ ሕግ አለው። ኳሱን ቡና ላይ የጣለ ተጫዋች የተበተነውን ፍሬ ለቅሞ እስኪመልስ ቡድኑ በጎደሎ ይጫወታል። የጣውላ ሜዳ ልጆች ስለዚህ ኳስ በመሬት ያንሸራሽራሉ እንጂ አይጠልዙም። ቴፒ ወይም ማሻ ሄደው ሲጫወቱ ተመልካቹ የጨዋታ ጥበብ ይመስለዋል፤ የእናት ፍራቻ ነው። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ጨዋታው ባለበት ይቆማል። የመጀመሪያው ጠብታ ከወደቀ በኋላ የገባ ጎል አይቆጠርም። ተጫዋቹም፣ ዳኛውም፣ ተመልካቹም ወደየቤቱ ሸራ ይሮጣል፤ ሸራውን አጥፎ፣ ተሸክሞ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ያስገባል። ዝናቡ ሲያባራ ጨዋታው ከቆመበት ይቀጥላል። ሊደርቅ የደረሰ ቡና ከራሰ ይሻግታልና፣ በዚህ ሕግ ላይ ተከራክሮ የሚያውቅ ሰው የለም።

ሕዝቅያስ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ተወልዶ ያደገበት ነው። ዕቅዱ ውስጥ ግን አላስገባውም። ከተማረባቸው መጻሕፍት በአንዱም ውስጥ ስላልነበረ፣ የሚጻፍ ነገር መሆኑ አልታየውም። የዕቅዱ ዋና ዋና ክፍሎች የስፖንሰር ማፈላለጊያ ስልት፣ የክብር እንግዶች አቀማመጥና የሚዲያ ግንኙነት ነበሩ። «የአየር ሁኔታ ስጋት» በሚለው ርዕስ ሥር፣ «ውድድሩ የሚካሄድበት የኅዳር ወር በጋ በመሆኑ ዝናብ አይጠበቅም» ብሎ ጻፈ። ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፈው አማን፣ እናቱ ቤት ተቀምጦ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ሐሳቡን እየበተነበት ነበር።

ዕቅዱ ሲያልቅ የታች ሰፈር ቡድን አምበል የሆነውን ባምላኩን ሊያነጋግር ሄደ። ባምላኩ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ድሮ ጫማውን ለሕዝቅያስ ከሚያስጠብቁት አንዱ ነበር። ባጃጁን እየወለወለ አገኘው።

«አንቀጽ ሰባት» አለ ሕዝቅያስ ከወረቀቱ እያነበበ። «ጨዋታ በዝናብ ምክንያት አይቋረጥም።»

ባምላኩ መወልወሉን አላቆመም። «ጥሩ ነው። ለዝናቡ ነገርከው?»

«ባሜ፣ ይሄ የሰፈር ጨዋታ አይደለም። በዓለም አቀፍ ደንብ ነው የሚመራው። ኳስ ቡና ላይ ቢወድቅም ተጫዋች ቡና አይለቅምም።»

«ማን ይለቅማል?»

«በጎ ፈቃደኞች።»

«የት ናቸው?»

«ዕቅዱ ላይ አሉ።»

«እነሱ ከመጡ እኛም እንመጣለን፣ ኮች።»

«ማናጀር።»

«እሺ፣ ኮች።»

ከእናቱ ጋር የነበረው ውይይትም ከዚህ አልተሻለም።

«እማ፣ ለቅዳሜ ቡናውን ከሜዳው ማንሳት አለብሽ።»

«የት ላድርገው?»

«እቤት አስገቢው።»

«እቤት ፀሐይ አለ?»

«መምህሬ ከሩቅ ነው የሚመጡት። ሜዳው ሜዳ መምሰል አለበት።»

«መምህርህ ቡና አይጠጡም?»

«ይጠጣሉ።»

«እንግዲያው ከየት እንደሚመጣ ይዩት።» ወይዘሮ ማርያም ከሸራው ላይ አንድ ፍሬ አንሥተው በጥርሳቸው ሞከሩትና ድምፁን አዳመጡ። «ሁለት ፀሐይ ነው የቀረው። ሁለት ፀሐይ ካገኘ ሰንጋው ያንተ ነው። ኳስህን አጫውት፣ አልከለክልህም። ደመና ካየህ ግን ና። ጉልበቴን ታውቀዋለህ፤ ማራናታ ደግሞ ሸራውን ብቻዋን አትችለውም።»

«እመጣለሁ» አለ ሕዝቅያስ።

ቡናው ከሜዳው እንደማይነሣ ሲያረጋግጥ በዕቅዱ ካርታ ላይ ቦታ ሰጠው። በጎሎቹ ጀርባና በመስመሩ ዳር ያለውን በሙሉ በአረንጓዴ ቀለም አጥሮ፣ «የአካባቢ ባህላዊ እሴት ማሳያ» ብሎ ጻፈበት።

አማካሪው መምህር ከፈለኝ አርብ ማታ አጠገብ ያለችው ሚዛን ከተማ ገብተው ቅዳሜ ወደ ሜዳው መጡ። ቀጭን፣ ጥቂት የሚናገሩ፣ የአውቶቡስ መንገድ ወገባቸውን የጎዳቸው ሰው ነበሩ። ሰማዩ ተዳፍኖ ሳለ የፀሐይ መነጽር አድርገዋል። ሕዝቅያስ ከአጎቱ በተዋሰው ሱፍ ሆኖ ተቀበላቸውና ነጭ ጨርቅ ከለበሱት የክብር ወንበሮች መካከል አስቀመጣቸው። ከጎናቸው ያሉት ወንበሮች ባዶ ነበሩ፤ የክብር እንግዶቹ በሙሉ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ከበላያቸው ከአንድ ግሮሰሪ የተዋሰው ትልቅ ጃንጥላ ነበር፤ ለፀሐይ ተብሎ የመጣ ነው። የጃንጥላው መትከያ ስላልተገኘ ሕዝቅያስ ራሱ ቆሞ ያዘው።

መክፈቻው አላማረም። ድምፅ ማጉያው ሁለት ቃል ተናግሮ ዝም አለ። ስፖንሰር የሆነው ሻይ ቤት ቃል የገባውን ውኃ ለደንበኞቹ ሸጦታል። የበጎ ፈቃደኞች ሰደርያ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የሚለብሰው ጠፋ። ጨዋታው ግን በሰዓቱ ተጀመረ፤ ምክንያቱም የታች ሰፈርና የላይ ሰፈር ልጆች በየቅዳሜው በዚያው ሰዓት ይጫወታሉ።

በእረፍት ላይ መምህር ከፈለኝ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እስካሁን ያየሁት ኳስ ጨዋታ ነው» አሉ። «አንተን አላየሁም።»

«እኔ እዚሁ ነኝ፣ መምህር።»

«ጃንጥላውን አይቼዋለሁ። ሥራህን ነው የምልህ። አንተ ባትኖር ይሄ ጨዋታ ይካሄድ ነበር ወይስ አይካሄድም ነበር?»

ሕዝቅያስ ወደ ሜዳው ተመለከተ። ባምላኩ ውኃ ይጠጣል። ልጆች በሸራዎቹ መካከል ይሯሯጣሉ። ሽማግሌዎቹ በየቅዳሜው በሚቀመጡበት ግንድ ላይ ተቀምጠዋል።

«አይካሄድም ነበር» አለ።

«ይህን እንዳየው እርዳኝ» አሉ መምህሩ። «እስካሁን በያዝኩት ከሆነ ሁለተኛ ጊዜ መምጣት ሊኖርብኝ ነው። የሚቀጥለው ዓመት።»

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ሕዝቅያስ ጃንጥላውን ይዞ መምህሩን ብቻ ይመለከት ነበር። ደመናው ከጫካው አናት ተነሥቶ እየወረደ መሆኑን አላየም፤ ወይም አይቶ አላሰበውም። ውጤቱ አንድ ለአንድ ነበር። ባምላኩ ሁለት ተከላካዮችን አልፎ ከግብ ጠባቂው ጋር ብቻ ለብቻ ተገናኘ፤ ተመልካቹ ከግንዱ ተነሣ። ባምላኩም እግሩን አነሣ። ከዚያ መልሶ አወረደው፣ ኳሱን እዚያው ተወና ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ግብ ጠባቂውም አየ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ወድቃ ነበር።

ማንም አልጮኸም። ዳኛው አንቀጽ ሰባትን በፊርማው ያጸደቀ ሰው ነበር፤ ፊሽካውን ኪሱ ከትቶ ወደ አክስቱ ሸራ ሮጠ። ሃያ ሁለቱ ተጫዋቾች በሃያ ሁለት አቅጣጫ ተበተኑ። ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን እየተመረኮዙ ወጡ። መምህር ከፈለኝ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ምንድን ነው? ረብሻ ነው?»

«አይደለም፣ መምህር።»

መምህሩ ቆመው ተመለከቱ። ሜዳው ዙሪያ ሸራዎች ከአራት ማዕዘን እየታጠፉ ወደ መሃል ይሰበሰባሉ፤ አራት አራት ሰው አንሥቶ ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ ይሄዳል፤ የገባው በአንድ በኩል ይወጣል፣ የሚገባው በሌላ በኩል ይገባል፤ ማንም ከማንም ጋር አይጋጭም። የራሱን የጨረሰ ሳይጠራ ወደ ጎረቤቱ ያልፋል። ከጣሪያው ሥር ያሉ ሴቶች የማን ሸራ የት እንደሚቀመጥ በእጃቸው ብቻ ያመለክታሉ። መምህር ከፈለኝ ስለ ስታዲየም ማስለቀቅ ለዓመታት አስተምረዋል። ሲሆን ያዩት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

«ይህን ማን አደራጀው?» አሉ፤ ድምፃቸው ተለውጧል።

በዚህ ጊዜ ማራናታ ከሰሜኑ ጎል ጀርባ ተጣራች። «ሕዝቂ፣ ሸራው!»

ሕዝቅያስ አያቸው። እናቱ በአንድ እጃቸው ጉልበታቸውን ይዘው በሌላው የሸራውን ጫፍ ይጎትታሉ። ማራናታ ተቃራኒውን ጫፍ ይዛ አጎንብሳለች። ሸራው በሁለት ሰው የሚነሣ አልነበረም። ሜዳውን ማቋረጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ቢሮጥ ግን ሸራ ለማንሳት ከሚሮጠው ሕዝብ አንዱ ይሆናል፤ መምህሩም ማን እንዳደራጀው ሌላ ሰው ይጠይቃሉ።

ጃንጥላውን ወደ መምህሩ አስጠጋው።

«የአደጋ ጊዜ ዕቅዳችን ነው፣ መምህር» አለ።

«ገጽ ስንት ላይ ነው?»

«አባሪው ላይ ነው። የደረሰዎት መስሎኝ ነበር።»

«አልደረሰኝም።»

«ሰኞ እልክልዎታለሁ።»

መምህር ከፈለኝ እስክሪብቷቸውን አወጡ። «ትዕዛዝ የሚሰጠው ማነው? ድምፅ አልሰማሁም።»

«ሥልጠና ስለወሰዱ ነው።»

«እኚያ አሮጊትም?»

«ሥልጠናው በየደረጃው ነበር።»

«ሕዝቂ!» አለች ማራናታ። ዝናቡ አሁን በደንብ ወርዷል።

«ልጅቷ አንተን የምትጠራ ይመስላል» አሉ መምህሩ።

«የሰሜኑ ዘርፍ አስተባባሪ ናት። ሪፖርት እያደረገች ነው።»

መምህሩ ራሳቸውን ነቅንቀው ጻፉ። ሜዳው ባዶ እየሆነ ሄደ። ቀና ሲሉ አንድ ሸራ ብቻ፣ ከሰሜኑ ጎል ጀርባ፣ ዝናቡ እየቀጠቀጠው ተዘርግቶ ቀርቷል። አንዲት ሴትና አንዲት ልጅ አጠገቡ ቆመዋል።

«ያኛውስ?»

ሕዝቅያስ ወደዚያ አልተመለከተም። «ለማነጻጸሪያ የተተወ ነው» አለ። «ሁሉም ከተነሣ ልዩነቱ አይታይም።»

«ጥሩ አስበሃል» አሉ መምህር ከፈለኝ፤ ይህንንም ጻፉት።

ባምላኩ የእናቱን ሸራ አስገብቶ፣ የጎረቤቱንም አግዞ ወደ ወይዘሮ ማርያም ሲደርስ ሸራው ውኃ ቋጥሮ ነበር። ሦስት ሆነው ሲጎትቱት መሃሉ ተቀደደ። ዝናቡ ሲያባራ ጨዋታው ከቆመበት ቀጠለ፤ ባምላኩ ኳሱን ትቶት ከሄደበት ቦታ ላይ አግኝቶ መታና ጎሉን ሳተ። ዋንጫው በፍጹም ቅጣት ምት ለላይ ሰፈር ሄደ።

ማታ እቤት ገብቶ ሱፉን ሲያወልቅ ወይዘሮ ማርያም ጉልበታቸውን በሞቀ ጨርቅ እያሹ ነበር።

«መምህርህ አልረጠቡም?» አሉት።

«አልረጠቡም።»

«ጥሩ።»

ስለዚያ ቀን ከዚህ ሌላ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ማራናታ የእናቷን ድርሻ ጭምር ተናገረች፤ ለሳምንታት ያህል «የሰሜኑ ዘርፍ አስተባባሪ» ብሎ የሚጠራት ሰው ካልሆነ በቀር ውኃ አላቀብልም አለች። ቃሉን ያመጣችላት የክብር ወንበሮቹን ጨርቅ ስትሰበስብ የነበረች ጓደኛዋ ናት፤ ወሬው በሁለተኛው ቀን ባጃጅ ተራ ደርሶ ነበር።

አባሪው ሰኞ ተላከ። ሕዝቅያስ በሕይወቱ እንዲህ የቀለለው ጽሑፍ የለም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያየውን አንድ በአንድ ጽፎ በእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ላይ «በፕሮጀክቱ አስተባባሪ መሪነት» የሚል ጨመረበት። ከፍተኛውን ውጤት አገኘ። መምህር ከፈለኝም ጉዳዩን በአንድ የጥናት ጉባኤ ላይ አቀረቡት፤ በዚያ ቀን በስልካቸው ያነሷቸውን ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ያሳዩ ነበር አሉ፤ በአንደኛው በጣሪያ ሥር የተደረደሩ ሸራዎች፣ በሁለተኛው ለማነጻጸሪያ የተተወው።

ለማነጻጸሪያ የተተወው ቡና እንደገና ፀሐይ ላይ ወጥቶ ነጭ ሻጋታ አበቀለ። ነጋዴው እጁን ሳያስገባበት አፍንጫውን ብቻ አስጠግቶ ዋጋ ሰጠ። ሰንጋው ለሌላ ተሸጦ ቱም በምትባል ከተማ ለሠርግ ታረደ።

በሐምሌ ለምርቃቱ የተጠራው እንግዳ በሙሉ መጣ። የቀረበው የበግ ወጥ ነበር፤ ከበጉ ድንቹ ይበዛ ነበር። በግቢው በር ላይ የተሰቀለው ባነር ግን እንደ ታሰበው ትልቅ ነበር። ሕዝቅያስ ካባ ለብሶ፣ ቆብ ደፍቶ፣ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ከሥሩ «እንኳን ደስ ያለህ» የሚል፣ ከዚያ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው «በስፖርት ማኔጅመንት የመጀመሪያ ዲግሪ» የሚል ተጽፎበታል። አንድ የእናቱ ዘመድ ባነሩን አንብበው ሲጨርሱ የትኛው ቡድን እንደወሰደው ጠየቁ።

አንድም ቡድን አልወሰደውም። አንድ መሥሪያ ቤት የወጣ ማስታወቂያ አይቶ ቢሄድ የሚፈለገው ስፖርት ሳይንስ ነው፣ ያንተ ማኔጅመንት ነው አሉት። ሌላ ቦታ ቢሄድ የሚፈለገው ማኔጅመንት ነው፣ ያንተ ስፖርት ነው አሉት። በሁለቱም ቢሮ ያሉት ሰዎች ትሑታን ነበሩ፤ ወንበርም ሰጡት። እሱ ግን እናቱና ከተማው ስሙን ለሁለት የተካፈሉበትን ቀን አስታወሰ።

ስለዚህ በተከታዩ ዓመት ኅዳር ሕዝቅያስ እቤት ነበር። የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ አይቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ በጣውላ ሜዳ በኩል ያልፋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደመናው ከጫካው አናት ሲነሣ አየውና፣ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ቀና ከማለታቸው በፊት ሮጠ። ከሰሜኑ ጎል ጀርባ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆርጦ ነበር።

እናቱና ማራናታ ቀድመውታል። ወይዘሮ ማርያም ከዘንድሮ ጀምሮ ሸራ መሸከም ትተዋል፤ ሸራውን ባለበት ቡናው ላይ አጥፈው ከላይ ያለብሱታል። የሚያለብሱትም ከግቢው በር የወረደውን ባነር ነበር። ሕዝቅያስ ራሱን አየ። በጀርባው ተኝቶ ወደ ሰማይ ይስቃል፤ ጠብታዎቹ ጥርሱ ላይ ይወድቁና ወደ ካባው ይንሸራተታሉ።

«በሱ ነው የምትሸፍኚው?» አለ።

«ጥሩ ላስቲክ ነው» አሉ ወይዘሮ ማርያም። «ውኃ አያስገባም።»

«እንኳን ደስ ያለህ» አለች ማራናታ። «ሥራ ጀመርክ።»

ነፋስ መጣና የባነሩን አንድ ጫፍ አነሣው። ማራናታ በዚህ በኩል ይዛለች፤ እናቱ በዚያ በኩል ድንጋይ እየጫኑ ነው።

«አንተ፣ ጫፉን ርገጥ» አሉት።

የሚውለበለበው «ማኔጅመንት» የሚለው ቃል ያለበት ጫፍ ነበር። ሕዝቅያስ ጥቂት አመነታ። ከዚያ እንዳያቆሽሸው ጫማውን አወለቀና ቃሉ ላይ ቆመ። ዝናቡ እስኪያባራ ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። አንዲትም ፍሬ አልራሰችም።